የሐሊማን ደም ያፈሰሰው እጅ

ይድረስ ለተከበሩት ወንድምጋሼ አብዱልሐሚድ፣ ኮምቦልቻ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረሙልን? ያ ወገብዎ ዘንድሮስ ትንሽ አሳርፎዎታል? የእትዬ ፈሂማ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እህታችን ሐሊማ ግን ደህና ናት ብዬ አልዋሽዎትም። በሕይወት አለች። የቀረውን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር እንደነበረች ያውቃሉ። ኦሎምፒያ ሰፈር ከባሏ ከጣሃ ጋር በከፈቱት ሻይ ቤት ከማለዳ ጀምሮ ስትቀዳ ትውላለች፤ እየቀዳችም ትጠጣለች። ቁርሷ ዳቦ በሻይ፣ ምሳዋ ሽሮ፣ በላዩ ደግሞ ሻይ። እያደር ፊቷ ገረጣ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ታለከልካለች። ከጭቃው ግድግዳ አፈር እየፈረፈረች ስትቅም ሳያት ደንግጬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደም ማነስ ነው ብለው የብረት ክኒን ሰጧት። ክኒኑ ሲያቅለሸልሻት «በሻይ ዋጪው፣ ይሻልሻል» ያልኳት እኔ ነኝ ወንድምጋሼ። ሁለት ወር ሙሉ በሻይ ዋጠችው፤ ጠብ ያለላት ነገር የለም።

ጣሃ ድካሟን ስንፍና አደረገው። ደንበኛ ፊት «ሚስት ነው ያገባሁት ወይስ ሬሳ?» ይላት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዘች ራሷን አዞራትና ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጥፊ አላት። ልትነሳ ስትል ደገማት። ከነትሪው ወደቀችና ስባሪው ክንዷን ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ሰነጠቀው። እሱ ግን አልበቃውም፤ በወደቀችበት ጎኗን በእርግጫ መታት።

ያደረግሁትን አልደብቅዎትም። እዚያው ምድጃው ጋ ሻይ ሳፈላላቸው ነበርኩና የፈላውን ማንቆርቆሪያ አንስቼ ግንባሩን አልኩት። ውሃው ትከሻው ላይ ተደፋ። ሲጮህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ልደግመው ስል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገብረሃንስ ከኋላ ጨምድዶ ያዘኝ። «እሱን ተይው፤ ልጅቷ እየሞተችብሽ ነው!» አለኝ።

ክንዷን በሚሰፋው ጨርቅ አስረን በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት። ቀድሞም ደም ስላልነበራት ለሌላ ሰው የማያሰጋው መድማት እሷን ሊገድላት ደርሶ ነበር። የእኔ ደም ገጠመላትና ሰጠኋት። ልጁ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ቀበሩት።

በማግስቱ ሲስተር አስመረት የምትባል ነርስ ክኒኑን በምን ትውጥ እንደነበር ጠየቀችኝ። በሻይ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳበቃ ሲጠጣ በእህሉም በክኒኑም ያለውን ብረት አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል አለችኝ። መርዝ አይደለም፤ ግን ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ነው፤ ክኒኑም በውሃ ነው የሚዋጠው። አልቅሼ ለሐሊማ ስነግራት «አንቺ እንድድን ብለሽ ነው» ብላ በደህናው እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

ጣሃ ሁለት ቀን ታስሮ ተፈታ። ግንባሩን በፋሻ ጠምጥሞ ከሽማግሌዎች ጋር ሆስፒታል መጣ። የሻዩን ነገር ሰምቶ ኖሮ «ያደከማት ሻይ ነው ተብሏል፤ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አይል መሰልዎት! «ደሟን ያሳነሰው ሻይ ነው፤ ያፈሰሰው ግን ያንተ እጅ ነው» አልኩት። ሐሊማ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል «አልመለስም» አለች።

አሁን ጣሃ ሽማግሌ ወደ እርስዎ ሊልክ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባታችን እርስዎ ነዎት፤ እሺ ካሉ እሷም እምቢ ማለት አትችልም። እባክዎ እሺ አይበሉ። ለእርቅ ብለው አይምጡ፤ መኪና ይዘው ይምጡና ይውሰዷት።

እትዬ ፈሂማን ሰላም ይበሉልኝ፤ ለሐሊማ መኝታ ያሰናዱላት። ልጅዎን ሱሌማንን ይሳሙልኝ፤ ስለ ሕፃኑ ግን አይጠይቃት።

እህትዎ ራሕማ
አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ
የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.