«አላውቃትም» ላሉት የሞተር አስተማሪዬ

ለክቡር አቶ ታዲቻ ገለታ
የሰላም በር ቦዳ ቦዳ ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡር ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት፣ ልጆችዎ እንደበረቱ፣ ሞተርዎም ጠዋት ጠዋት ሳያስቸግር እንደሚነሳልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም እርስዎ ከሠሩልኝ ሥራ በስተቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

«እርስዎ» ማለቴ እንዳይከፋዎት። በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ እናቶቻችን በአንድ የውሃ ሰልፍ ሲቆሙ፣ እኛም በአንድ ሸራ ሥር ፊደል ስንቆጥር፣ አንተና አንቺ ተባብለን ነው ያደግነው። ካምፑ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ወደየፊናው ሲበተን እዚሁ ሞያሌ ቀርተን ኑሮ ስንጀምርም ለእኔ «ታዲ» ነበሩ። ይሁን እንጂ ባለፈው ጥር ወር በብዙ ሰው ፊት እንደማያውቁኝ ስለገለጹ፣ የማያውቁትን ትልቅ ሰው አንተ ማለት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝን እናቴን ላለማሳፈር ስል ማዕረግዎን ጠብቄ እጽፋለሁ።

ደብዳቤውን በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ ሞተረኞቻችሁ ተሳፋሪ ከሚጠብቁበት ስቴጅ አጠገብ በሚገኘው የአግነስ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ማስለጠፌም ለክብርዎ ነው። እርስዎ ስለ እኔ የተናገሩት በአደባባይ ስለሆነ እኔ በጓዳ ብመልስ ውለታዎን ማሳነስ ይመስልብኛል። አማርኛ ለማያነቡት ደግሞ በኦሮምኛም በስዋሂሊም የሚያስረዳ በሻይ ቤቱ አይጠፋም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ልናገር። እኔ ኦቦ ከምትባለው መንደር የግመል ወተት እያመጣሁ በሞያሌ ገበያ የምሸጥ፣ ሄሉ ሰፈር የምኖር ሴት ነኝ። አምና በዝናቡ ጊዜ ጎረቤቴን ነጂባን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ርቆ ሄዷል። ቦዳ ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ጠራንላት፤ እሷ ግን በዚያ ሁኔታ ከማታውቀው ወንድ ጀርባ ተጣብቃ በከተማው መሐል ማለፍን እንቢ አለች። ብንለምናትም አልሆነም። እኔና እናቷ ግራና ቀኝ ደግፈናት በጭቃው ወደ ሆስፒታል ስናዘግም ከመንገድ ዳር ወለደች። ሕፃኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ሊያጽናኑ መጡ። ከበራፉ ተቀምጠው፣ ሞተር የምትነዳ አንዲት ሴት ብትኖረን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ለምን አትማሪም? እኔ አስተምርሻለሁ፤ ፈቃዱን ስታገኚ በስቴጁ ቦታ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። እኔ አልጠየቅሁዎትም። ሐሳቡ የእርስዎ ነው፤ ቃሉም የእርስዎ ነው። የነጂባ እናት እጅዎን ይዘው መረቁዎት። ምርቃቱ አሁንም በእርስዎ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም አልወሰደብዎትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከከብት ገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ገበያ ከመቆሙ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቅቄ ሞተሩ እንደ ኮርማ ሲዘልብኝ አልሳቁብኝም። ማርሽ መቀየሪያውን እያየሁ ስነዳ፣ ዓይኔን ከእግሬ አንስቼ ወደ ፊት እንድልክ መከሩኝ። አንድ ጉድጓድ ፈርቼ ደጋግሜ እዚያው ስገባ፣ ሰው ዓይኑ ወዳረፈበት እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ጉድጓዱን ሳይሆን ከጉድጓዱ ማዶ ያለውን መንገድ ማየት እንዳለብኝ ነገሩኝ። እንደዚያ ባደርግ እውነትም አለፍሁ። የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ባቴን ያቃጠለኝ ቀን ከኪስዎ መሐረብ አውጥተው ቁስሌን አሰሩልኝ፤ ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ፣ ወንድም ሳይወልዱልኝ የሞቱት ወላጆቼ በእርስዎ ካሱኝ ብዬ አልቅሻለሁ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ ግን ምስጋና ሙሉ ካልሆነ ምስጋና አይባልም።

፪ኛ. ለፈተናው ቀን ስለመረጡልኝ ሞተር አመሰግናለሁ። የለመድሁት፣ የተማርሁበት ቀዩ ሞተርዎ እንደሚሰጠኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ጠዋት ከሜዳው ስደርስ ቀዩ ተበላሽቷል አሉኝ። ተበላሸ የተባለውን ሞተር ኦብሳ የተባለው ወጣት ነጂ ሲፈተንበት ቆሜ አየሁ፤ ስለ ጥገናው ፍጥነት ሳላደንቅ አላልፍም። ለእኔ የሰጡኝ ከሰል የሚጫንበትን፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጠውን፣ ፍሪሲዮኑ እንደ ደረቀ ቆዳ የማይታጠፈውን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሞተር ሁሉ ሞተር ነው አሉኝ። አመንሁዎት። በዚያች ሰዓት እንኳ አልጠረጠርሁም።

ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ በመጀመሪያ የመጫወቻ መኪናዎች በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ የቅድሚያ ሕግ ጠየቁኝ፤ መለስሁ። ቀጥሎ ቀለም በተቀቡት ጀሪካኖች መሐል እየተጠማዘዝሁ እንዳልፍ፣ ስምንት ቁጥር እንድሠራ፣ ዳገት ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት እንድነሳ አዘዙኝ። ያ የከሰል ሞተር እጄን እስኪያደነዝዘው ድረስ ታገለኝ፤ እግሬ ግን ያለ ቦታው መሬት አልነካም። ፍሬቻ ማብራትም ስፖኪዮ ማየትም አልረሳሁም። ስጨርስ ከአጥሩ ማዶ የቆሙት ሴቶች አጨበጨቡ። አግነስ የሻይ ማማሰያዋን እንደያዘች ነበር ያጨበጨበችው። ፈታኙም ፈገግ አሉ።

፫ኛ. ይህኛውን በጥቂቱ መጻፍ አልቻልሁምና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ፈታኙ ለሁሉም ተፈታኝ እንዳደረጉት ለእኔም «ምዋሊሙ ዋኬ ናኒ?» ብለው ጠየቁ፤ አስተማሪዋ ማን ነው ማለታቸው ነው። ትምህርቱን መጨረሴን የሚመሰክርልኝ ሰው ፈልገው ነው። ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዞረ። እኔ አልዞርሁም፤ ምን እንደሚሉ የማውቅ መስሎኝ ሞተሩን ላቆም እታገል ነበር። እርስዎ ከኋላዎ የተሰበሰቡትን የስቴጁን ነጂዎች አንድ ጊዜ አዩ፤ ይህን አግነስ ናት ኋላ የነገረችኝ። ከዚያ «ሲምጁዊ» አሉ። አላውቃትም።

የተሳሳተ የሰማሁ መስሎኝ ቀና አልሁ። ፈታኙም የተሳሳተ የሰሙ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ደግመው ጠየቁ። እርስዎም ደገሙላቸው። ከኋላዎ አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ፈታኙ በሐዘኔታ፣ አነዳዴ ጥሩ ቢሆንም አስተማሪ የሌለውን ሰው ማሳለፍ እንደማይችሉ ነገሩኝ። እኔ ሄልሜቱን ሳላወልቅ ቆሜ ነበር። መስታወቱን ወደ ታች ሳብሁት፤ ፊቴን ማንም እንዳያይ። ሄልሜቱ የእርስዎ ስለነበር አውልቄ መመለስ ነበረብኝ፤ ሳወልቀው አላዩኝም፤ በእጅዎ ብቻ ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ሻይ ቤቱ መጥቼ ጠየቅሁዎት። አልካዱም፤ ይህንንስ አመሰግናለሁ። ነጂዎቹ ሴት ስቴጁ ላይ ከቆመች ሌላ ሊቀ መንበር እንመርጣለን ብለው እንደዛቱብዎት፣ ምርጫውም እንደተቃረበ ነገሩኝ። ይህ ገብቶኝ ነበር። ሰው ወንበሩን ይወዳል፤ ልጆችም አሉዎት። እሺ ብዬ ልነሳ ስል ነው የቁልፍዎን መያዣ እያሽከረከሩ የቀረውን የነገሩኝ፦ «ትተዪዋለሽ ብዬ ነው ያስተማርኩሽ። ስትወድቂ ትተዪዋለሽ፣ ስትቃጠዪ ትተዪዋለሽ ብዬ ነበር። አልተውሽም። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሸጡኝ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል መስሎኝ ነበር፤ ለዚያ ይቅርታ አይጠፋለትም። እርስዎ ግን እነዚያን ጠዋቶች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው ወሰዱብኝ። ቁስሌን ሲያስሩልኝ ነገ እንዳልመለስ ተስፋ እያደረጉ ነበር ማለት ነው። በነጂባ በራፍ የተናገሩትም ለቀስተኛ ለማጽናናት የሚባል ነገር ነበር ማለት ነው። የማስታውሰው ደግነትዎ አንድም ሳይቀር ተገላብጦ ታየኝ። ሌሎቹ ነጂዎች ቢያደርጉት ኖሮ ተሳድቤ በወጣልኝ። እርስዎን እንዴት ብዬ ልሳደብ? አብረን አድገን!

፬ኛ. ማርሳቢትን እንዳይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ወተቱን ለነጂባ ትቼ፣ በሌላ ከተማ ዳግም ለመፈተን፣ ወደ ደቡብ በሚወርደው ጋሮማ በተባለ ኢትዮጵያዊ ሹፌር የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። አዲሱ አስፋልት በረሃውን እንደ መቀነት አቋርጦት ይሄዳል። ጋሮማ የምሄድበትን ምክንያት ሰምቶ ነበርና ሲያወርደኝ፣ ስትመለሺ የምትመለሺው በራስሽ ሞተር ይሁን ብሎ መረቀኝ።

እዚያ ፒተር የሚባሉ አንድ ሽማግሌ የሞተር አስተማሪ አገኘሁ። ከማስተማራቸው በፊት ምን እንደምችል ለማየት አንድ ዙር እንድነዳ አዘዙኝ። ነድቼ ስመለስ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። «ማን እንዳስተማረሽ አላውቅም፤ ግን ተጠንቅቆ ነው ያስተማረሽ» አሉኝ። ከዚያም ስሙን ጠየቁኝ።

አላውቀውም ለማለት አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ቃሉን ከእርስዎ ተምሬዋለሁ፤ ተራራ ላይ ባለች፣ እርስዎን ማንም በማያውቅባት ከተማ ቢነገር የሚጎዳው የለም። አልሆነልኝም። ታዲቻ ገለታ ይባላል፣ የሞያሌ ሰው ነው፣ አብሮ አደጌ ነው አልሁ። ሽማግሌው ሰላም በይልኝ አሉ። ይኸው ሰላምታቸውን አድርሻለሁ።

የሚቀረኝን አስተምረውኝ ፈተናውን እዚያው ወሰድሁ። ፈታኙ አስተማሪዋ ማን ነው ሲሉ ፒተር እጃቸውን አነሱ። እጅ ማንሳት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳይ ነው፣ ካለፍሁ በኋላ ሳይሆን ያኔ፣ እንባዬ የመጣው።

አሁን ፈቃዴን ይዤ ተመልሻለሁ። የምነዳትን ሞተር ሥራ ካቆመ አንድ ነጂ ተከራይቻታለሁ። በስቴጁ የተገባልኝን ቦታ አልጠይቅዎትም፤ የምቆመው ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ነው። ከኦቦ የሚመጡ ሴቶች በመንገዱ ክፋት ወገባቸው ተሰብሮ ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ ጀርባዬን ያቅፉና አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ይተኛሉ። ነጂዎችዎ ሰላም አይሉኝም። ኦብሳ ብቻ አንድ ቀን አጠገቤ አቁሞ ስለ ቀዩ ሞተር ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ሞተሩ ተበላሽቶ እንዳልነበረ ያውቅ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ። ቀላል ነበር፤ ኦብሳ ምንም ቃል አልገባልኝም ነበርና።

ምርጫውን ማሸነፍዎንም ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ለዘመናት ያገለግሉ ዘንድ ዕድሜ ይስጥዎ እያልሁ፣ በጉዞዎ ሁሉ አምላክ ከአሸዋ፣ ከግመልና ፍሬን ከማይዝ ጭነት መኪና እንዲጠብቅዎ፣ ከሁሉም በላይ እርስዎ ለእኔ እንደመሰከሩልኝ ከሚመሰክርልዎ ሰው እንዲሰውርዎ እየጸለይሁ፣ ለክብርዎ በሚገባ ዝቅታ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የማያውቋት
አልጋነሽ ቱሉ
ፈቃድ ያላት የሞተር ብስክሌት ነጂ
ሄሉ፣ ሞያሌ፤ በፈረንጆች ሰኔ 2017

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጃለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ዘንድ ሞተር መንዳት መማር ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት ያለ ደጋፊ ሜዳውን ዞረው ተመልሰዋል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው፤ እግረ መንገዴንም አንድ መልእክት አድርሺልኝ ብለውኛል፦ ቅዳሜ ምሳዎን ራስዎ ያሙቁ።