በሦስተኛው እሺ ልል ነበር

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ኦክቶበር 3፦ ከሳን ሆዜው መጋዘን ተቀነስኩ። አሥራ አንድ ዓመት የዕቃ ቆጠራ ኃላፊ ነበርኩ።
ኦክቶበር 6፦ ለአንኢምፕሎይመንት፣ ለሥራ አጥ ክፍያው፣ አመለከትኩ።
ኦክቶበር 27፦ መክፈል ጀመሩ። በሳምንት አራት መቶ ሃምሳ ዶላር።
ፌብሩዋሪ 28፦ ስድሳ ሁለተኛውን የሥራ ማመልከቻ ላክሁ። መልስ የለም።
ዛሬ፦ የአምስት ሳምንት ክፍያ ቀረኝ። ሥራም ተገኘ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ያገኘችው ባለቤቴ እጅጋየሁ ናት። ኦክላንድ አፕታውን ያለው የወይዘሮ ሸዋረጋ ግሮሰሪ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። በሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዶላር፣ በሳምንት ሃያ ስድስት ሰዓት።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ሰንጠረዥ ሠራሁ። ታክሱ ሲቀነስ፣ ከምንኖርበት ከሄይዋርድ የባቡሩ ሲቀነስ... ብሠራ፣ ቤት ከመቀመጥ በሳምንት ሠላሳ ስድስት ዶላር ያንሳል። ደግሜ አሰላሁት። ያው ነው። ለመሥራት ከፋዩ እኔ ልሆን? ስታቲስቲክስ የተማርኩት ይህን ለማረጋገጥ ኖሯል?

እጅጋየሁ ከአረጋውያን መንከባከቢያው ሥራዋ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አየችው።

«አምስት መስመር ብቻ ነው እንዴ? ስድስተኛው ሳምንትስ?»

ስለ ስድስተኛው ሳምንት በቂ መረጃ እንደሌለ ገለጽኩላት።

«መረጃ አለው። ዜሮ ነው» ብላ ልትተኛ ገባች።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ትክክል ናት። እቀጠራለሁ።

ዓርብ፣ ማርች 6

ወይዘሮ ሸዋረጋ አልነበሩም። ልጃቸው ናታን ተቀበለኝ። እዚሁ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ጨዋ ልጅ። መደርደሪያዎቹን አዙሮ አሳየኝ። ሥራው የእኔ እንደሆነ፣ ሰኞ መጀመር እንደምችል ነገረኝ።

እንደተጠየቁ ዘሎ እሺ ማለት ግን... ሰው ምን ይላል? በወጉ መለስኩ። «ኧረ ይቅር፣ እኔ ለዚህ አልሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።» ቅደም ተከተሉን አስቀድሜ አዘጋጅቻለሁ፦ ይለምነኛል፤ ሁለተኛ እምቢ እላለሁ፤ ይለምነኛል፤ በሦስተኛው እየከበደኝ እሺ እላለሁ።

«ኦኬ አንክል፣ ኖ ፕሮብሌም» አለ። እጄን ጨብጦ በሩን ከፈተልኝ።

እግረኛ መንገዱ ላይ ጥቂት ቆምኩ። ተከትሎኝ ቢወጣ ብዬ።

ቅዳሜ፣ ማርች 7

አልደወለም። እጅጋየሁ አንተ ደውልለት ትላለች። እምቢ ላለ ሰው ይደወልለታል እንጂ እሱ አይደውልም አልኳት።

«ልጁ ኦክላንድ ነው ያደገው። እንኳን አንተን፣ እናቱንም ሁለቴ ብዪ አይልም።»

እስከ ማታ ስልኩን ከቻርጀሩ አልነቀልኩትም።

እሑድ፣ ማርች 8

ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ሸዋረጋ ግቢው ውስጥ አገኙኝ።

«እምቢ አሉ አለኝ እኮ ልጄ፣ አቶ ሰረቀብርሃን። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን የተሻለ ቢያገኙ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አገኙ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተመቸ ጊዜ ነበር?

«በሂደት ላይ ያለ ነገር አለ» አልኩ።

ምንም የለም። እጅጋየሁ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን አስተካከለች።

እሑድ፣ ማርች 15

ክፍያው እንዲቀጥል በየሁለት ሳምንቱ የምሞላው ፎርም። እስከ ዛሬ ሳልቆም የማልፈው ጥያቄ፦ የቀረበልህን ሥራ አልቀበልም ብለሃል? ሐሰት የሞላ በሕግ ይጠየቃል።

የእኔ እምቢታ እምቢታ ነው? በማብራሪያው ሳጥን ውስጥ ስለ ሦስቱ ልመናዎች ጻፍኩ። የሁለተኛው ልመና ላይ ስደርስ ሳጥኑ ሞላ። አጠፋሁት። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዋሸሁ፤ ለኮምፒውተር እውነቱን ተናገርኩ።

ዓርብ፣ ማርች 20

ክፍያው ቆመ። ለማጣራት ማርች 31 ከክፍያው ቢሮ ይደውሉልኛል። እነርሱስ ይደውላሉ።

ሰንጠረዡን አስተካከልኩ። አሁን ለማንበብ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ዓምዶች ባዶ ናቸው። እጅጋየሁ የቅዳሜ ሺፍት ጨመረች። አላማከረችኝም።

ከሰዓት በኋላ አፕታውን ሄድኩ። ሰው እንፈልጋለን የሚል ወረቀት በግሮሰሪው በር ላይ ተለጥፏል። ናታን በመስታወቱ አየኝና እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ።

አልገባሁም።