የቱዌትን ምግብ ቤት ማንም እንዳያፈርሰው የተሰጠ ቃል

እኔ ቾሮ ምቦጅ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ፣ ዛሬ ሐሙስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2019 ዳካር ላይ፣ በገዛ ቤቴ ምድር ቤት በሚገኘው የቱዌት ምግብ ቤት ተቀምጬ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። አእምሮዬ ግን አልደከመም። የሚጠራጠር ቢኖር በዚህ ሰፈር ያዋለድኋቸውን ልጆች ከነእናቶቻቸው ስም ይጠይቀኝ።

ይህን ለማድረግ የተነሣሁት በልጄ በማሳምባ ምክንያት ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ወደ ኪም ሳኛ ሄዶ፣ «እማ ከእንግዲህ አትነሣም። ረመዳን ሳይገባ ልቀቂ፤ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበታል» አላት። ኪም በየቀኑ ሾርባ ይዛ ስትጠይቀኝ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የነገረችኝ ልጄ ንጎኔ ናት፣ እያለቀሰች። በማግስቱ በታክሲ መጣሁ። እነሆ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ ከአባቴ የወረስሁት ነው። ሃይማኖታችን ከንብረቴ እስከ ሲሶው ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው እንድሰጥ ይፈቅድልኛል፤ ምድር ቤቱም ከነጓሮው ሲሶ እንደማይሞላ በገማች አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ምድር ቤቱን ከነጓሮው ለኪም ሳኛ ሰጥቻለሁ። ኪራይ አይደለም፤ ውሰትም አይደለም፤ ሰጥቻለሁ።

ምክንያቴ ይጻፍልኝ። የኪም እናት ቱዌት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከቬትናም የመጣችው ለፈረንሳይ ሊዋጋ እዚያ የሄደ የእኛን አገር ወታደር አግብታ ነበር። ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ «ወደ አገርሽ ሂጂ» አሏት። አልሄደችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ክፍል አከራየኋት። ሦስተኛ ልጄን በኩፍኝ ያጣሁ ሳምንት፣ ላይ ቤት በለቀስተኛ ተሞልቶ መተንፈሻ ባጣሁ ጊዜ ወደ እርሷ ወረድሁ። «አይዞሽ» አላለችኝም። አንድ እቅፍ ናና ፊቴ አስቀምጣ፣ «ቅጠሉን ልቀሚልኝ» አለችኝ። እስከ ዐሥር ሰዓት ለቀምሁ። ከዚያ ምግብ ሰጠችኝ፤ በላሁ። በዚያ ሳምንት የበላሁት እርሱን ብቻ ነው።

በ1979 ደግሞ «ኔም» በምትለው፣ ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በሚጠበሰው ምግቧ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ የሚል ወሬ ተነዛ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጇን የረገጠ ሰው አልነበረም። ዓርብ ቀን የክት ልብሴን ለብሼ፣ ጠረጴዛ ጎትቼ ከመስጊዱ በር ፊት ለፊት አወጣሁና ሰጋጁ ሁሉ ሲወጣ ትኩስ ኔም እበላ ጀመር። የዛሬው ኢማማችን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጥተው ቆሙብኝ።

«ቾሮ፣ በአላህ፣ ምን እየበላሽ ነው?»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያማውን» አልኋቸው።

«አሳማ አለበት ይላሉ እኮ!»

«ማን ነው የሚለው? ያየ ይምጣ!»

ቱዌት ከውስጥ ወጣች። «ሼኽ፣ ደጅ ቆሞ ድስት አይታወቅም። ይግቡና ይዩ» አለቻቸው። ገቡ። ድስቱን ከፈቱ፤ ሥጋው ከማን እንደተገዛም ጠየቁ። ሲወጡ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡና፣ «ለእኔም አምጪ፤ ትኩሱን» አሉ። በማግስቱ መቀመጫ ጠፋ።

ወሬውን ያወጣው የባሌ ወንድም ነበር፤ ክፍሉን ለሱቅ ፈልጎት ነው። ሞቷል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ማለት ግን አለመጻፍ አይደለም።

ሁለተኛ፤ የላይኛው ቤት ሕጉ በሚያዝዘው መሠረት ለልጆቼ ለማሳምባና ለንጎኔ ይሁን። የማንንም ድርሻ አልነካሁም።

ሦስተኛ፤ በሞትሁ በስምንተኛው ቀን ለሐዘንተኛው የሚቀርበውን ምግብ ኪም ትሥራው። «በልማዳችን ከሩዝ በዓሳ ሌላ አይሆንም» የሚል ቢኖር እቤቱ ሄዶ ይብላ።

ይህን ስናገር ኪም ከማእድ ቤት ወጥታ፣ «እማማ ቾሮ፣ በእኔ የተነሣ ከልጅሽ አትጣዪ። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ዝም በይ፤ የጣድሽው እንዳያርርብሽ» አልኋት።

ወዲያው ማሳምባ ገባ። ቃሌን የሚጽፈው ውል አዋዋይ መጻፉን አቁሞ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ፤ «ጻፍ፤ አንድ ቃል አታስቀር» አልሁት።

«እማ፣ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ለአንድ ሳህን ሾርባ ብለሽ?»

«ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! እኔ ልጅሽ ነኝ፤ እሷ ምንሽ ናት?»

«አንተ በቁሜ ስትቀብረኝ ሾርባ ይዛ የመጣችልኝ ናት።»

በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ማሳምባ፣ ይህ ሲነበብልህ ስማ፤ እወድሃለሁ፤ ተሳስተሃልም። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ውል አዋዋዩ በአውራ ጣት አትሚ ብሎ ቀለም አቀረበልኝ። መለስሁት። ይህ እጅ የዚህን ሰፈር ግማሽ የልደት ወረቀት ፈርሟል፤ የራሱንም ይፈርማል። ፊርማው ቢጣመምም የእኔ ነው።

ቾሮ ምቦጅ

ቃሉ ሲሰጥ የሰማን ምስክሮች፦ ኢማም ታፍሲር ካ፤ ልብስ ሰፊው ደምባ ሶው።

የጻፈው፦ ውል አዋዋይ ጊራን ንዶንግ።

ንጎኔ ፋይ ወራሽ በመሆኗ ምስክር ልትሆን እንደማትችል ተነግሯት፣ «እንግዲያስ ከታች ቦታ ስጡኝ» በማለት በገዛ እጇ የሚከተለውን ጽፋለች፦

«እኔ ንጎኔ ሰምቻለሁ፤ ተስማምቻለሁ። ወንድሜ ይህን በር ሊያፈርስ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።»