ጎረቤቴን የጠየቅካት ጥያቄ

ቤክዌ ደሴት

ልጄ አልስተን፣ ባሕሩን በሰላም ያሻግርህ፤ ሚስትህንም ይባርክልህ።

እኛ ደህና ነን፤ ፍየሏ መንታ ወለደች። ትናንት ያቺ ለቱሪስት ክፍል የምታከራየው ጎረቤታችን ቬርሊን አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ልጅሽ ጻፈልኝ፤ ውሃው ይጠጣል ወይ፣ ቢንቢ አለ ወይ ይላል። እኔ ጋ ክፍልም ይዟል» አለችኝ። ሳቅሁላት፤ አንጀቴ ግን አረረ። የራሷ ልጆች መች አነሷት!

ውሃው ያው አንተን ያሳደገህ፣ ከጣሪያችን የሚጠራቀመው ዝናብ ነው፤ ለሚስትህ አፈላላታለሁ። አጎበሩን አጥቤ አልጋህ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የመጨረሻው ጀልባ ሳይመሽ ስለሚነሳ እንዳያመልጣችሁ። ቬርሊን ዓሣ ታሳርራለች፤ እራት እኔ ጋ ብሉ።

አምላክ ይጠብቃችሁ። ካሻችሁ እሷ ጋ እደሩ። ከጀልባው ስትወርድ ግን፣ እሷ እያየች፣ መጀመሪያ እኔን እቀፈኝ።

እናትህ