ማርኮ የላካቸው ሽማግሌዎች

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሮዘተንቪል

ፊሊፒናዊው ማርኮ የልጅ ልጄን ሳራን ለማግባት ዛሬ ሽማግሌዎች ላከ። እሱ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቀ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ቅርጫት ኳስ ነው፣ እትዬ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጀፕስታውን ሰፈር ነጋዴው ሐጂ ከድር። «ማኒላ ኮሌጅ ሳለ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነበር። ሳይመረቅ ቡድን ወሰደው። አሥር ዓመት ተጫውቶ አሁን እዚህ ያሠለጥናል።»

«እንግዲያስ ትምህርቱን ያልጨረሰ ተማሪ ነው። አልሰጥም።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ያውቃሉ። እኔም በሚመጣው እሑድ እሺ ልል ነበር።

ለማርኮ ግን ይህን ወግ ማንም አልነገረውም። ሽማግሌዎቹ ወጥተው «አልሰጥም» ማለቴን ገና ሲነግሩት፣ ቀሪውን ሳይሰማ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ስልኩንም ዘጋ። ሳራ አታናግረኝም።

በተጫዋችነቱ ዘመን ሦስት ቡድኖች አሰናብተውታል አሉኝ ሐጂ። አንዱም መልሶ አልጠራውም፤ የእኔም «አልሰጥም» እንደዚያው የመጨረሻ ቃል መስሎታል።