የስዩም ቁርባን

ረቡዕ፣ ኅዳር 5 ቀን 88

ዛሬም አስመለሰው። እቤታቸው ስደርስ እናቱ ወይዘሮ ዘነቡ ሳፋውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ስዩም የንስሐ ልጄ ነው፤ ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ይቆርጥ ነበር። አሁን አልጋ ላይ ቀርቷል። ሐኪሞቹ «እቤቱ ይሁን» ብለው መልሰውታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። የበሽታውን ስም የሚያነሳ የለም። ጎረቤቱም እግሩን ሰብስቧል።

የሚለምነኝ አንድ ነገር ነው። «አባ፣ ሳልሞት ያቁርቡኝ።»

ንስሐውን ጨርሷል። ግን የቀመሰው ሁሉ ይወጣል፤ ለሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ሥጋ ወደሙ አይሰጥም። «ማስመለሱ ሲቆምልህ» አልኩት። እሺ አለ። መቼም እምቢ ማለት አያውቅም።

ሐሙስ

ቁስቋም ናት፣ ሰው በዝቷል፣ ከበሮው ደምቋል። አፌ ያዜማል፣ ልቤ የለም። ሳፋውን ነው የማስበው።

ለደብሩ አለቃ ነገርኳቸው። «ሥርዓቱን ታውቃለህ» አሉኝ። አውቃለሁ። ቁርባን ከቤተ መቅደስ አይወጣም፤ በሽተኛው በቃሬዛም ቢሆን መምጣት አለበት፤ ማስመለሱም መቆም አለበት። ማወቄ ነው የመረረኝ።

ማታ ለጸሎት ቆሜ «አቤቱ» ብዬ ቀረሁ። የሚቀጥለው አልመጣም። ባለቤቴ «ቆመው አንቀላፉ እንዴ?» አለችኝ። አልሳቅሁም። ስንቱን ሰው ጸልይ ስል ኖሬ እኔው ደረቅሁ።

ዓርብ

አላስመለሰውም! ወይዘሮ ዘነቡ ጫማዋን አዟዙራ አድርጋ ቤቴ ድረስ መጣች። «ቆመለት አባ! እመቤቴ ሰማችኝ!» ሳላስበው እልል ልል ነበር።

እንግዲህ ለእሑድ ቃሬዛ፣ ተሸካሚ፣ ንጹሕ ነጠላ። የዕድሩ ዳኛ «ሰውየው ሳይሞት ቃሬዛ?» ብሎ አጉረመረመ። ለሬሳ የማይሰስቱትን ለሰው ይሰስታሉ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ሰጠኝ።

ቅዳሜ

ምነው ባልሄድኩ።

ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አጥሚቱ እንደተቀዳ ራስጌው ላይ ረግቷል። «ምን በላ?» ብዬ እናቱን ጠየቅኋት። እሱ ነው የመለሰልኝ፤ «ምንም አልበላሁም አባ። ካልበላሁ ምን ይወጣል? ሲቆምልህ ብለውኝ የለ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ እግዚአብሔር እስኪያቆምለት ማለቴ ነበር። እሱ ራሱ አቆመው።

«ዛሬ ትንሽ ቅመስ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብዬ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ከቆረብኩ በኋላ እበላለሁ።» እናቱን ልቆጣት ዞርኩ። «ይተዉት አባ፣ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለውም» አለችኝ።

ውኃ እንዲጠጣ ግን ገዘትኩት። ግዝት ፈርቶ ሁለት ጉንጭ ጠጣ። ለአለቃው አልነገርኩም፤ ጨክኜ የነገው ይቅርብህ ልለው አልችልም።

እሑድ

ቆረበ።

በዕድሩ ቃሬዛ ስናመጣው ያየ ሁሉ ቀብር መስሎት ቆሞ አሳለፈን። አንዲት ሴትማ ደረቷን መታች። ሥጋውን አቀበልኩት። ዲያቆኑ ደሙን ሰጠው። ዋጠ።

ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር አሳረፍነው። ወይዘሮ ዘነቡ አፉን ታያለች፣ እኔም አፉን አያለሁ። ጠበል ጠጣ። ቆየን። አልወጣም።

ዓይኑን ገልጦ «አባ፣ አሁን ልብላ?» አለኝ።

«ብላ ልጄ።»

እናቱ ከነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ፈታች፤ ከመቼ ጀምሮ ቋጥራ ይዛው እንደነበር እንጃ። ቁራሿን ወደ አፉ አስጠጋችለት። አሸተተው እንጂ አፉን አልከፈተም። «ነገ» አለ።

አሁን እቤቴ ነኝ። ነገ ይዤለት የምሄደውን አጥሚት እንድትሠራ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ስዩም ይድረስበት አይድረስበት አላውቅም። ለጸሎት ቆሜ ነበር። «አቤቱ፣ ይብላ» አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም፤ እሱኑ ደግሜ ደግሜ አልኩ።