ዳንቴል የለበሰው አየር ማጽጃ

ገርጂ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኢክሪማ፣

አሰላሙ አለይኩም። እስካሁን ጅዳ የደረሱህ አምስት ደብዳቤዎች በእኔ እጅ ይጻፉ እንጂ የእማዬ ናቸው። እሷ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ማሽኑ በጣም ጥሩ ነው በይው። ኑራም ድናለች በይው።» እኔም እንደዚያው ጻፍኩልህ። ዋሸሁህ። ይሄኛው ደብዳቤ የራሴ ነው። እማዬ ገበያ ሄዳለች፤ ሳትመለስ ልጨርሰው።

ትንሿ እህታችን ኑራ አልዳነችም።

ጅዳ የሚመላለሰው ሰዲቅ ማሽኑን ከኤርፖርት በታክሲ ያመጣው ቀን ትዝ ይለኛል። ካርቶኑን ሲከፍት እኔ ከደስታዬ የተነሳ አለቀስኩ። ከማሽኑ ጋር በላክኸው ካሴት ላይ እንዲህ ብለሃል፦ «የአየር ማጽጃ ነው። ውስጡ ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት አየር ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል። ለኑራ አስም ብዬ ነው የገዛሁት። ሳሎን አስቀምጡት፤ ሰው ሁሉ ይየው።» ለኑራ አስም ከሆነ ሰው የሚያየው ለምንድን ነው?

እማዬ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ካሴቱን ታጫውታለች። አንተ «ሰው ሁሉ ይየው» የምትልበት ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። ማሽኑን ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ አቧራ እንዳይነካው ብላ ገበር ያለው ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ሁሉ ተሸፈነ። እንግዳ ሲመጣ ከፊት በኩል ትገልጠውና ሰማያዊ መብራቱ ይታያል። እንግዳ ሲሄድ አምፖሉ እንዳያልቅ ተብሎ ይጠፋል።

ኑራ ደግሞ የምትተኛው የት እንደሆነ ታውቃለህ። ጓዳ፣ ከእኔ ጋር፣ ከላምባ ምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ። የጓዳውን መስኮት በአራት ምስማር የመታኸው አንተ ነህ። ያኔ አራስ ልጅ ነበረች፤ ነፋስ እንዳይመታት ብለህ ነው። ስለምትወዳት ያደረግኸው እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጭሱም መውጫ የለውም። እማዬን «ትንሽ እንክፈተው» ስላት «ኢክሪማ የመታውን ምስማር ማን ይነቅላል? ልጄን በብርድ ልትጨርሻት ነው?» ትለኛለች። እኔም ወደ ምድጃዬ እመለሳለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ቀርቼ ኑራን ሳስታምም ሁለት ዓመት የሆነኝም እንዲሁ እሺ እያልኩ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ጎረቤታችን እትዬ ተናኜ ሁለት ሴቶች አስከትለው ማሽኑን ሊያዩ መጡ።

«ይቺው ናት እንዴ? እኔ እኮ ፍሪጅ የምታክል መስሎኝ!» አሉ።

«ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት፣ ተናኜ። ጀርሙን አንድ በአንድ ነው የምትለቅመው» አለች እማዬ።

«እንግዲያው ለአንድ ሳምንት አውሺኝ፤ ባሌንም ትልቀምልኝ!»

ተሳሳቁ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሻይ አፈላለሁ። ከኋላዬ የኑራ ደረት ሲያፏጭ ሰማሁ። ዞር ስል ከንፈሯ ጠቁሯል። «ሀጁዬ… አየር…» አለችኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ያንተ ድምፅ «ሰው ሁሉ ይየው» ይላል።

ኢክሪማ፣ እኔ ለእንግዳ ሻይ ሳቀርብ እንኳ ቀና ብዬ የማላይ ልጅ ነኝ። የዚያን ቀን ግን መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ዳንቴሉን ገፍፌ መሬት ላይ ወረወርኩት። «ኑራ ታፍናለች፣ እናንተ እዚህ አየር ማጽጃ ታያላችሁ!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ክው አለች። እትዬ ተናኜ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ኑራን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፏትና ሮጡ። ታክሲ ይዘን አትላስ አካባቢ ያለ ክሊኒክ አደረስናት።

ኦክስጅን ተደርጎላት ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሲስተር ፈለቀች የምትባል ነርስ በምን እንደምናበስል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እማዬ ደግሞ ማሽን እንዳለን በኩራት ነገረቻት።

«እናቴ፣ መብራቱ ጀርም ይገድል ይሆናል፣ ጭስ ግን አያጠፋም» አለቻት። «መጀመሪያ ምድጃውን ደጅ አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ነው።»

እማዬ «እሺ ልጄ» አለች። ቤት ስንደርስ ግን «እሷ ምን አለባት! ኢክሪማ ካላለ አልከፍትም» ብላ ዳንቴሉን አጥባ አሰጣችው።

የዚያን ጊዜ እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም። በእማዬ ብቻ አይደለም፣ ባንተም ነው። እኔ እዚሁ አጠገቧ ቆሜ ስናገር የሚሰማኝ የለም። አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ ለካሴት የምትናገረው ግን እዚህ ሕግ ነው። በራሴም ተናድጃለሁ፤ «ድናለች» ብዬ አምስት ጊዜ የጻፍኩት በዚሁ እጄ ነው።

ስለዚህ ሌላ ዕቃ አትላክ። ድምፅህን ላክ። «እማዬ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ምድጃውን ደጅ አውጪ፣ ማሽኑን ዳንቴሉን አውልቀሽ ኑራ ጋ ውሰጂው» በል። እሷ እንደሆነ ጎረቤት ሰብስባ ታጫውተዋለች። ሰው ሁሉ ከሰማው በኋላ እምቢ አትልም።

እስከዚያ ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ዛሬ እማዬ እንደወጣች የእትዬ ተናኜን ጉጠት ተዋስኩ። ምስማሮቹ ዝገው ነበር፣ መዳፌ ተላጠ። አሁን መስኮቱ ተከፍቷል። ኑራ ከሥሩ በርጩማ ላይ ቆማ የጎረቤት ዶሮዎችን ትቆጥራለች። ሳታስል እስከ ዘጠኝ ቆጥራ ነው የተሳሳተችው።

እማዬ ስትመለስ ትጮህ ይሆናል። እንደገና ልትመታው ትችላለች፤ ምስማር ከሱቅ አይጠፋም። አራቱን ያንተን ግን በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እንዲያደርስልህ ለሰዲቅ እሰጠዋለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት «ኢክሪማ የመታው» የሚባል ምስማር የለም።

እህትህ ሀጀር